ባሕር በሌለበት ከተማ የባሕር አልጌ ጠባቂ

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ጠዋት እንደ ልማዴ ተነሥቼ፣ ተላጭቼ፣ ጫማዬን አስሬ በሩ ጋ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ አለኝ። ተመልሼ እንዳልተኛ ጫማ ማውለቁ ሰለቸኝ። እንዲሁ ከነጫማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ደክሞኝ ዋልኩ። ሥራ እያለኝ እንደዚህ ደክሞኝ አያውቅም። ሥራ ለካ ድካምን የሚሸፍን ካፖርት ነው።

ሰው "ምን ስትሠራ ኖረህ ነው ጡረታ የወጣኸው?" ሲለኝ መልሱ ያሳፍረኛል። ባሕር ከሌለው አገር ተነሥቼ ባሕር ወደሌለው አገር መጥቼ፣ ዕድሜዬን የባሕር አልጌ ስጠብቅ ኖርኩ። እዚሁ ካምፓላ። ሐይቅማ አለ፤ ግን የኔዎቹ ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ከገቡ በቃ፣ ሞቱ ማለት ነው። ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ጓደኛዬ ግርማ ለደንበኛ ሲያስተዋውቀኝ "ስዩም ይባላል፣ በረሃ ላይ የጀልባ ካፒቴን ነው" ይላል። እኔም ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ምን አደርጋለሁ?

እውነቱን ለመናገር ጡረታው በራሱ አላስጨነቀኝም። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ "ቀደም ብለህ ብትወጣ" ሲሉኝ ጉልበቴም በሐሳቡ ተስማምቶ ነበር። ያስጨነቁኝ አልጌዎቼ ያሉባቸው ጠርሙሶች ናቸው። ቀዝቃዛው ክፍል ለሌላ ሥራ ተፈለገ፤ ውስጡ ያሉት ነፍሶች ደግሞ መሄጃ የላቸውም። እንደኔ ጫማ አስረው የሚቀመጡበት አልጋ እንኳ የላቸውም።

ከመጀመሪያው ልነሣ።

ዝዋይ ሐይቅ ላይ የዓሣ ምርምር ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ ዓሣ መመዘንና ሆዱን ቀድዶ ምን እንደበላ ማየት ነው። በኋላ አንድ ፕሮጀክት ኡጋንዳ፣ ጂንጃ ከተማ ድረስ አመጣኝ። እዚያ የነበረው አለቃችን ሪፖርት የሚወድ ፈረንጅ ነበር፤ ዓሣው ቢሞትም ሪፖርቱ ካማረ ደስ ብሎት ያድራል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እሱ ወደ አገሩ ሄደ፣ እኔ ወደ ካባላጋላ። ባዶ እጄን አገር ቤት መግባት ከበደኝና ግርማ ጓዳ ሣህን አጣቢ ሆንኩ። የቤተ ሙከራ ሰው ስለሆንኩ ብርጭቆ የማጥበው እንደ ቤተ ሙከራ ነው። ግርማ ይናደዳል። "ጌታዬ፣ ቢራ ነው የሚጠጣበት፣ ቀዶ ጥገና አይደለም የሚሠራበት" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ የውሃ ብርጭቋቸውን ወደ መስኮቱ አንሥተው ሲያገላብጡ አየሁ። ጓዳ ሆኜ ሌላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። ቆሻሻ ያገኙ መሰለኝ።

"ይሄን ያጠበው ማነው?" አሉ።

ግርማ ያለ ሐፍረት ወደኔ ጠቆመ።

"ሴቦ፣ ና እስቲ" አሉኝ። ሴቦ ማለት እዚህ አገር "ጌታው" እንደማለት ነው፤ ሣህን አጣቢ ሴቦ ሲባል ያን ቀን ሰማሁ። "ሳሙናውን ስንቴ ነው የምታለቀልቀው?"

"እስኪሄድ ድረስ።"

"መሄዱን በምን ታውቃለህ?"

"ውሃው መስተዋቱ ላይ ሳይቆራረጥ ሲወርድ።"

ምሳቸውን ሳይጨርሱ ለቤተ ሙከራቸው ቀጠሩኝ። ዶክተር ናካቶ ማለት እሳቸው ናቸው። የዚህ አገር ሰዎች፣ ባጋንዳዎች፣ ከመንታ ሴቶች ሁለተኛ የተወለደችውን ናካቶ ነው የሚሏት። "እኔና እህቴ በአንድ ማሕፀን፣ በአንድ ቀን ነው የተወለድነው። እሷ ሙቀት አትችልም፣ እኔ ብርድ አልችልም። ስለ ዘር ልዩነት ከዚህ በላይ ማን ያስተምረኛል?" ይሉ ነበር። ብርድ አልችልም የሚሉት ሴትዮ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሁለት ሹራብ።

ሥራውን ያስረዱኝ እንደሚከተለው ነው። ቡናማ አልጌ ሁለት ኑሮ አለው። ባሕር ውስጥ የምናየው ሰፊው ቅጠል አንዱ ኑሮ ነው። እሱ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ይበትናል። ያ ዘር ግን ተመልሶ ቅጠል አይሆንም። ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ቀጭን ክር ይሆናል፤ ወይ ወንድ ክር፣ ወይ ሴት ክር። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሰፊው ቅጠል የሚወለደው። ልጅ ወላጁን አይመስልም፣ አያቱን ነው የሚመስለው። እኔ የምጠብቀው ክሮቹን ነበር።

ለምን ካምፓላ? እኔም ጠይቄ ነበር። "ባሕር አጠገብ ቢሆን ዱር ያለው ዘር በውሃውም በእጅም ገብቶ ይቀላቀልብናል። እዚህ ማን ይገባብናል?" አሉኝ። የባሕር ውሃው ከሞምባሳ በአውቶቡስ፣ በጀሪካን ነው የሚመጣልን። ናኪቩቦ መናኸሪያ ሄጄ የምቀበለው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ጫኙ ዋራጊ አረቄ መስሎት ክዳኑን ከፍቶ ጎንጨት አለ። ከዚያ በኋላ እኔን ባየ ቁጥር በሩቁ ይሸሻል።

ክሮቹ የሚኖሩት ቀይ መብራት ስር ነው። ቀይ መብራት ስር ካስቀመጥካቸው ይረዝማሉ እንጂ አይወልዱም። ዓመታት ይቆያሉ። ነጭ መብራት ስታበራላቸው ሴቶቹ እንቁላል ያወጣሉ፣ ወንዶቹ መዋኘት ይጀምራሉ፣ ሠርግ ይሆናል። ይሄን ካባላጋላ ላይ ብናገር ማን ይመነኛል? እዚያ ቀይ መብራት የሚበራው ለተቃራኒው ነው። ግርማ ግን ሲሰማ አልሳቀም። ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስደው ጉዳይ ተይዞለት ስልኩ እስኪጮህ ሲጠብቅ ስንት ጊዜው ነው። ሚስት አላገባም፣ "ስሄድ" ይላል። ቤቱን ቀለም አልቀባም፣ "ስሄድ ለሚከራየው" ይላል።

"አይወልዱም፣ አይሞቱም፣ ብቻ ይጠብቃሉ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ወደዚህ አምጣቸው እንጂ፣ እዚህ ሁላችንም ቀይ መብራት ስር ነን።"

የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ ለመታወቅ ፈልጌ ለጠርሙሶቹ ሁሉ በአዲስ ወረቀት፣ ባማረ ጽሕፈት፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ጻፍኩላቸው። በረንዳ ላይ ሆኜ ሳያቸው ኮራሁ። ወረቀቶቹን ቀዩ ክፍል ገብቼ ስለጥፋቸው ጽሑፉ የለም። ሁሉም ባዶ ወረቀት። ቀይ ቀለም ቀይ ብርሃን ውስጥ ይጠፋል፤ ይሄን ከኔ በቀር የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ዶክተር ናካቶ ከኋላዬ መጥተው አንዱን ጠርሙስ አነሡ፣ አገላበጡት፣ ከዚያ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ላይ እርሳስ አለ። አሁንም አለ፣ ባለቤቴ ስንተኛ ነው የምታወጣልኝ።

የሳቸው ልማድ ብዙ ነው። ሁልጊዜ ሲገቡ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከዚያ መደርደሪያ በመደርደሪያ እየሄዱ እያንዳንዱን ጠርሙስ ያነሡና አንዴ ብቻ እንደ ሕፃን ወዝወዝ ያደርጉታል። ታች የተቀመጠው ክር እንዲነሣ፣ አየር እንዲያገኝ ነው። የሰነፈውን በውዝዋዜው ያውቁታል። "ይሄኛው ከፍቶታል" ይላሉ። እኔ ምንም አይታየኝም፤ ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው እውነትም ገርጥቷል። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው "ቶሎ ወደ ታች ወረደ" ይሉኛል።

ክር ማዛወሩን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ቀጭን የመስተዋት ቱቦ እሳት ላይ ይለሰልስና ባንድ ትንፋሽ ይሳባል፤ ጫፉ የፀጉር ያህል ይሆናል። በዚያ ጫፍ አንዱን ክር ብቻ ከሌላው ለይተህ ታነሣለህ። ወንዱ ቀጭንና ቀለመ ቢስ ነው፣ ሴቷ ወፈር ጠቆር ትላለች፤ ሁለቱ በየራሳቸው ጠርሙስ ይቀመጣሉ። ትንፋሼን ይዤ ክሩን ስስተው "አትተንፍስ አላልኩህም፣ አትቸኩል ነው ያልኩህ" ይሉኛል።

አንዱን ዘር ከሌላው መቀላቀል ግን ኃጢአት ነው። አንድ ቱቦ ለሁለት ጠርሙስ ከተጠቀምክ ሁለቱም ይደፋሉ። በኔ ዘመን ማንም አልቀላቀለም።

እያንዳንዱ ዘር ከየትኛው የባሕር ቋጥኝ እንደተወሰደ የሚያሳይ ቁጥር ነበረው። ቁጥር አልያዝ ሲለኝ ዶክተር ናካቶ የካምፓላ ሰፈር ስም ሰጧቸው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ፈጣን፣ የሚያምረው ሙየንጋ ተባለ፤ እንደ ባለ ትልልቅ ቤቶቹ ኮረብታ። ቅጠሉ የተሸበሸበ፣ አጭር፣ ለማደግ የሚለግመው ናኪቩቦ ተባለ። መሐል ላይ ያለውን፣ አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራውን፣ ካባላጋላ አሉት። "ይሄ ያንተ ነው" አሉኝ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት አስቀያሚዎች ብዙ ናቸው፤ ጎብኚ ሲመጣ አይታዩም። እሳቸው ግን ወዝወዝ ማድረግ የሚጀምሩት ከታች ነው።

እንግዲህ ውድቀታችንን ልናገር።

የኬንያ ባሕር ዳርቻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ የሚወጣበት ቦታ አለ። እዚያ ሴቶች ተሰብስበው ይሄን አልጌ በገመድ ሊያለሙ ፈለጉ፤ ይበላል፣ ይሸጣል። ችግኙ ከኛ ነው። ገንዘብ የሰጡት ለጋሾች አንድ ዓይነት፣ እኩል የሚያድግ፣ ለመሸጥ የሚያመች ፈለጉ። ዶክተር ናካቶ የሙየንጋን ሴትና ወንድ መረጡ። እኔም ጮቤ ረገጥኩ፤ ለማጋባት አንድ ጥንድ ብቻ ሆነልኝ። ነጭ መብራት አበራን፣ ተጋቡ፣ ችግኙን ሲባጎ ላይ አስይዘን በቀዝቃዛ ሣጥን ከኢንቴቤ አየር ማረፊያ ላክነው።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ቅጠል እንደታጠበ ቆዳ ያብረቀርቃል። ሴቶቹ ዘፈኑ፣ ለጋሾቹ ፎቶ ተነሡ፣ እኔ ፎቶው ውስጥ ክርኔ ገብቷል።

ከዚያ ቀዝቃዛው ውሃ ሳይወጣ የቀረበት ወቅት መጣ። ዶክተር ናካቶ ታመው ስለነበር የሄድኩት እኔ ነኝ። ጀልባዋ ላይ ያወጣችኝ ማማ ዙሁራ የምትባል የገመዶቹ ኃላፊ ነበረች። የመጀመሪያውን ገመድ ሳበች። ቅጠሉ ነጭ ሆኗል፤ ስትነካው እንደ በሰበሰ ሙዝ እጇ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ሳበች። ያው ነው። ሳበች፣ ሳበች።

"ዎቴ?" አለችኝ። በስዋሂሊ ሁሉም? ማለቷ ነው።

ቀልድ የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም።

"ዎቴ" አልኳት።

ከገመዱ አለፍ ብሎ ቋጥኙ ላይ የዱሩ አልጌ አለ። እሱም ተጎድቷል፣ ግን ሁሉም አልሞተም። እዚህ አንዱ ገርጥቷል፣ እዚያ አንዱ ቆሟል። የኛዎቹ ግን የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ። ማማ ዙሁራ ጀልባዋን ወደ ዳርቻው አዞረች። ስንደርስ ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዩን የጠጣሁት እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ለዶክተር ናካቶ ስነግራቸው አልጋ ላይ ነበሩ። "እኔ ነኝ የመረጥኩት" አሉ። "እርስዎ ብቻ…" ብዬ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ። ከተሻላቸው በኋላ የሁሉንም ዘር ልጆች ሞቅ ባለ ውሃ ፈተንን። ሙየንጋ ወደቀ። ያ የተሸበሸበው ናኪቩቦ ቆመ። እውነተኛው ናኪቩቦም እንደዚሁ አይደል? በዝናብ ጊዜ ጎርፍ ያጥበዋል፣ በማግስቱ ገበያው ቆሞ ታገኘዋለህ። ግን ለጋሾቹ ሄደው ነበር። ሴቶቹም ገመዱን ለዓሣ አጥማጅ ሸጡት።

ዶክተር ናካቶ ጡረታ ወጥተው ማሳካ፣ ማቶኬ የሚሉት የሚቀቀል ሙዝ እርሻቸው ገቡ። በሳቸው ቦታ ዶክተር ብራያን መጣ። ሰው ብራያንን እንድጠላው ይጠብቃል፤ ጥሩ ሰው ነው። ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ሲገዛ ለኔም ይገዛል። የሱ ትምህርት ዘረ መል ማንበብ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ወዝውዤ የማውቀውን እሱ ከአንዲት ጠብታ ያነባል፤ እኔ የማላውቀውንም ጭምር። ሙየንጋና ካባላጋላ ያክስት ልጆች መሆናቸውን የነገረኝ እሱ ነው። "እኔማ ድሮም ሀብታም ዘመድ እንዳለኝ ጠርጥሬ ነበር" አልኩት።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግን ሊነግረኝ የከበደው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ሮሌክሱን ሁለት አድርጎ ገዛልኝ።

"ሙዜ" አለኝ። ሙዜ ሽማግሌ ነው፤ ክብር ነው፣ ግን ጉልበትህን ያስታውስሃል። "ቀዝቃዛውን ክፍል ለሰብል በሽታ ምርመራ ፈልገውታል። የሁሉም ዘረ መል ተነቧል፣ ተቀምጧል። ጠርሙሶቹን ማቆየት አልቻልኩም። ለመንኩ፣ እምቢ አሉኝ።"

"የተነበበው ወረቀት ይወልዳል?"

"አይወልድም።" አልተከራከረኝም። "ማግኘት የቻልኩት የአንድ ፍሪጅ በር ነው። ሁለት ጠርሙስ ይይዛል።"

ሁለት ጠርሙስ። አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ። መልሱ ለኔ ግልጽ ነበር፤ ናኪቩቦን ማዳን ነው። ያ የተናቀው፣ ሙቀት የቻለው። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የተበደለ ሊካስ ነው። ግን የሳቸውን ቡራኬ ሳልይዝ አልፈልግም ብዬ ማሳካ ወረድኩ።

ዶክተር ናካቶ ሙዝ ዛፎቹ መሐል፣ ሁለት ሹራባቸውን ደርበው፣ ወንበር ላይ ነበሩ። ጨርሼ እስክነግራቸው ሰሙኝ።

"እና ናኪቩቦን ብቻ?" አሉ።

"ሙቀቱን የቻለው እሱ ነዋ።"

"ሴቦ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት መሆኑን ማን ነገረህ?"

አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"በሽታ ቢሆንስ? ጭቃ ቢሆንስ? እኔ ቆንጆውን መርጬ ገደልኩ። አንተ አስቀያሚውን መርጠህ ልትገድል ነው። ስህተቱ ያው ነው፣ ፊቱ ብቻ ነው የተለየው።"

"ታዲያ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ምን ላድርግ?"

ሹራባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው "ቀላቅላቸው" አሉኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። "ምን?"

"ሴቶቹን ሁሉ በአንዱ፣ ወንዶቹን ሁሉ በአንዱ። ስማቸው ይጠፋል። እነሱ ግን ይኖራሉ። ፍሪጅ ውስጥ፣ በብርድና በጨለማ፣ ማንም ማንንም አይቀድምም። አንድ ቀን ባሕሩን የሚያውቅ ሰው መብራት ያበራላቸዋል፤ ማን ከማን እንደሚጋባ እነሱ ይጨነቁበት።"

"ዕድሜ ልኬን እንዳልቀላቅል አስተምረውኝ?"

"ስላልቀላቀልክ ነው ዛሬ የምትቀላቅለው ነገር ያለህ" አሉና ማቶኬ እንዲቀርብ አዘዙ። እምቢ ማለት አይቻልም። ሁለቴ ጨመሩልኝ።

የመጨረሻ ቀኔ ብራያን ሊረዳኝ መጥቶ ነበር፤ በር ላይ እንዲቆም ለመንኩት። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ከታችኛው መደርደሪያ ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ እኩል ቆንጥሬ፣ ተቆራርጦም ያድጋልና ቆራርጬ፣ ሴቱን ወደ ሴቱ፣ ወንዱን ወደ ወንዱ። ለሁሉም ያንኑ አንድ ቱቦ። ናኪቩቦ ገባ፣ ካባላጋላ ገባ። ሙየንጋ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የማማ ዙሁራ ገመድ ትዝ አለኝ። እሱንም ጨመርኩት። እሱ ምን አጠፋ? ብቻውን ያደረግነው እኛ ነን።

ሲያልቅ ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት ቡኒ ደመና። ማን የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም። እርሳሴን ከጆሮዬ አውጥቼ ምልክት ልጽፍ ስል ምን እጽፋለሁ? አንዱ ላይ "ሴቶች"፣ ሌላው ላይ "ወንዶች" አልኩ። የስንት ዓመት ሥራዬ መጨረሻው የግርማ ምግብ ቤት መጸዳጃ በር መሰለ። ብራያን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ መነጽሬን ጠረግሁ፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ መነጽር ጉም ይይዛል።

አሁን በሳምንት አንዴ ከቤቴ በቦዳ ሞተር ወደ ቤተ ሙከራው እሄዳለሁ። ሞተረኛው የት እንደምሄድ ያውቃል፣ አይከራከረኝም። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አዲስ ነው። የመጀመሪያ ቀን አስቆመኝ።

"ሙዜ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

ሐሳብ መጣልኝ፤ የድሮ ሠራተኛ ነኝ ልለው፣ ብራያንን ልጠራበት። ደከመኝ።

"ዘመድ ልጠይቅ ነው" አልኩት።

"ዘመድዎ ታመው ነው?"

"አይ፣ ደኅና ናቸው። እየጠበቁ ነው።"

አሳለፈኝ። ገብቼ የፍሪጁን በር ከፈትኩ፣ ሁለቱንም አነሣሁ፣ አንዴ አንዴ ወዝወዝ አደረግኋቸው። ቀስ ብለው ነው የወረዱት።